አባባ ያስተካከሉት ዓመት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት ጥቂት ቀናት በኋላ ነው። በሥራዬ ስንት የተበላሸ ኮምፒውተር አይቻለሁ፤ ስንቱን ጠግኜ ስንቱን ረስቻለሁ። ይኸኛውን ግን መቼም አልረሳውም። ጠዋት ጠዋት ስልኬ ጢን ባለ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ።

እኔ እንጅባራ የምኖር የኮምፒውተርና የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። አባቴ ያሉት ዳንግላ ነው፣ ብቻቸውን። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። ባለጉዳይ ሁሉ የሚያውቃቸው በአንድ ነገር ነው፤ ቀኑ የተሳሳተ ማመልከቻ አይቀበሉም። "ቀኑ ተሳስቷል፣ አስተካክለህ አምጣ" ብለው ይመልሳሉ። እኛም ልጆቻቸው ደብተራችን ላይ የትናንትን ቀን ጽፈን ከተገኘን ጉዳችን ነበር። ቤት ውስጥ የሚቆጡን በአገውኛ ስለነበር፣ እስከ ዛሬ ድረስ ቀን ስሳሳት ጆሮዬ ላይ የሚመጣብኝ ቁጣ በአገውኛ ነው።

እናታችን ካረፈች በኋላ አባባን አንድ ቀን ጓሮ ውስጥ አዳልጧቸው ወደቁ። ጎረቤት እስኪያገኛቸው ድረስ መሬት ላይ ቆዩ። ባሕር ዳር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል፣ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖበት፣ "ከእንግዲህ ወስጄ ከእኔ ጋር አኖራቸዋለሁ" አለ። አባባ ደግሞ "ከዚህ ቤት የምወጣው በቃሬዛ ነው" አሉ። ያንን ቤት ከእናታችን ጋር ጭቃውን ረግጠው ነው የሠሩት። ይበልጣል ክፉ አስቦ አይደለም፤ ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቼ ነበር። ግን አባባ በሰው ከተማ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቀኑ አልመሽ ሲላቸው በዓይኔ ይመጣብኝ ነበር።

ስለዚህ በሙያዬ መላ ዘየድኩ። አንድ የኔትወርክ ማከማቻ፣ ማለትም ሃርድ ዲስኮች የተሰኩበትና ከቤቱ ዋይፋይ ጋር የተገናኘ ጥቁር ሣጥን፣ ሳሎን ቡፌው ላይ አስቀመጥኩ። በሣጥኑ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን ፈጠርኩ። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ነው ብላችሁ ያዙልኝ። ቤቱን የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር የሚሠራው ከዚያ ተከራይ ዘንድ ነው። ሲመሽ የበረንዳውን መብራት ያበራል። አባባ ከአልጋቸው አጠገብ ያለውን ቁልፍ ከተጫኑ ለእኛ የድረሱልኝ መልእክት ይልካል። ከሁሉ በላይ ግን፣ ጠዋት የጓሮውን በር ሲከፍቱ ለእኔም ለይበልጣልም ስልክ "አባባ ተነሥተዋል" ብሎ ይጽፍልናል።

ይበልጣል መጀመሪያ ሳቀብኝ። "አባቴን ሣጥን ይጠብቅልኝ?" አለ። በመጨረሻ ግን ሦስታችንም ተስማማን። መልእክቱ እስከመጣ ድረስ አባባ ከቤታቸው አይነቀሉም፤ ከቀረ ግን ባሕር ዳር ይገባሉ። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ይሁን" አሉ። እሳቸው "ይሁን" ካሉ ደግሞ ተፈርሞ ታተመ ማለት ነው።

ወራት አለፉ፤ መልእክቱ አንድም ቀን ሳይቀር መጣ። ከዚያ በዚያ ጥር አንድ ጠዋት ስልኬ ዝም አለ። ደንግጬ ደወልኩ።

"ምን እሆናለሁ? ቁርሴን እየበላሁ ነው" አሉ አባባ።

በማግሥቱም ዝም። ከእንጅባራ ሆኜ በኢንተርኔት ወደ ሣጥኑ ልገባ ብሞክር አላስገባም አለኝ። ማታ ይበልጣል ደወለ፤ ድምፁ ቀዝቅዟል። "ስመኝ፣ ቃል ቃል ነው። ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ" አለ።

ዓርብ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። በወሩ መጨረሻ ለሚከበረው የአገው የፈረስ በዓል የሚለማመዱ ፈረሰኞች አስፋልቱን ሞልተውታል። ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት አንገቱን እያሰገገ ፈረስ ያማርጣል፤ እኔ ብቻ "ኧረ እለፉልን" እያልኩ ጥፍሬን እበላለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከሁሉም ቀድሜ የምጮኸው እኔ ነበርኩ።

ዳንግላ ወርጄ በባጃጅ ቤት ስደርስ አባባ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። "አልሄድም" አላሉም፤ ቃላቸውን አያጥፉም። "ቶሎ ሥሪው" ብቻ አሉኝ።

ሣጥኑ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። መብራት አለ፣ ኢንተርኔት አለ፣ ቨርቹዋል ማሽኑም ተነሥቶ ይሠራል። የጓሮውን በር ስከፍት የላፕቶፔ ስክሪን ላይ "በሩ ተከፍቷል" ይላል። ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ደህና ነው፤ ወደ ውጭ የሚላከው ግን አንዱም አይወጣም።

"አባባ፣ እዚህ ነገር ላይ የነኩት አለ?" አልኳቸው።

"ያበላሸሁት ነገር የለም" አሉ ኮስተር ብለው። አባቴ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም፤ አመንኳቸው።

አጥፍቼ አበራሁት። ኢንተርኔት የሚያመጣውን የራውተሩን ሲም ካርድ በስልኬ ሲም ቀየርኩት። ምንም የለም። ከዚያ ትዕግሥቴ አለቀና ቨርቹዋል ማሽኑን ወደ ድሮ ባክአፕ፣ ማለትም ቀድሞ ወደተቀመጠ ቅጂው መለስኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ! በሽታው እንዳለ ሆኖ፣ የአልጋው ቁልፍ ደግሞ በላዩ ላይ አልሠራ አለኝ። እሱን መልሼ ሳገናኝ ቀኑ መሸ።

አባባ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆዩና "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አሉኝ።

"ሥሩን ባገኘው እኮ ደስታዬ ነበር!" አልኩ። ተናድጄ ስለነበር ድምፄ ከፍ አለ። እሳቸው ግን አልተቀየሙኝም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ይበልጣል መጣ። እኔን ሳመኝ፣ የአባባን ጉልበት ሳመ፣ ሻንጣ ከፍቶ ልብሳቸውን ማጣጠፍ ጀመረ። አባባ በረንዳው ላይ ወጥተው ምሰሶውን ተደግፈው ቆሙ። በሕይወቴ እንደዚያን ሰዓት ሙያዬን ጠልቼው አላውቅም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር፤ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን። ከዚያ በፊት ግን ለጥንቃቄ ያለውን ባክአፕ ላድርግ አልኩ። አደረግኩት፤ "ተጠናቋል" አለኝ። ዝርዝሩን ስከፍት አዲሱ ባክአፕ የለም። አዲስ ባክአፕ የሚቀመጠው ከላይ ነው፤ ከላይ ያለው ግን የባለፈው ሳምንት ነው። ወደ ታች ወረድኩ፣ ወረድኩ። ከሁሉም ሥር፣ ከመጀመሪያው ባክአፕ እንኳ በታች ተወሽቆ አገኘሁት። ቀኑ ሜይ 2018 ይላል።

በፈረንጅ 2018 እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ይህ ሣጥን ቤታችን ሊገባ ብዙ ዓመት ይቀረው ነበር። ምን ነካው ብዬ ቀና ስል፣ ዓይኔ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የአባባ ቀን መቁጠሪያ ላይ አረፈ። ጥር፣ 2018። ጥር አምስተኛ ወር ነው። ሜይም አምስተኛ ወር ነው።

"አባባ!" ብዬ ጮኽኩ።

ይበልጣል የአባባን ሸሚዝ እንደያዘ ሮጦ መጣ። አባባም ከበረንዳ ገቡ።

"የሣጥኑን ቀን ማን ነው የቀየረው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ አባባ፣ ምንም ሳይደነግጡ። "ስምንት ዓመት ቀድሞን ሄዶ አገኘሁት። በገዛ ቤቴ የተሳሳተ ቀን አስቀምጬ ልኑር?"

"ያበላሸሁት ነገር የለም ብለውኝ አልነበረም?"

"አላበላሸሁም። አስተካከልኩ እንጂ!"

ለካስ ዜና እንዲያነቡበት የሰጠኋቸው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሣጥኑ የይለፍ ቃል ተቀምጦ ኖሯል። እንግሊዝኛ ማንበብ ለእሳቸው ብርቅ አይደለም። ገብተው እየፈለጉ የቀኑን ቦታ አገኙና ቀየሩት። ቆይተው ሲያዩት ተመልሷል። ደግመው ቀየሩት፤ ደግሞ ተመለሰ።

"ኋላ ሳጣራ፣ ለካ ቀኑን ከኢንተርኔት እያመጣ የሚመልስለት ሌላ ቦታ አለ" አሉ። "እሱን ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ጸጥ ብሏል።"

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ተከራዩ ቨርቹዋል ማሽን ሰዓቱን ከአከራዩ ሣጥን እንዲወስድ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንዳይደናገር ብዬ። አከራዩ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲሄድ ተከራዩም ተከትሎት ሄደ። መልእክታችንን በኢንተርኔት የሚያደርሰው የውጭ አገልግሎት ደግሞ መጀመሪያ ማንነቱን የሚገልጽ ማስረጃ ያቀርባል፤ የተሰጠበት ቀን ያለበት ማስረጃ። ተከራያችን ያንን ቀን ሲያይ ገና ያልደረሰ ቀን ሆነበት። ስለዚህ "ይህ ማስረጃ ልክ አይደለም" ብሎ በሩን ዘጋ።

ይህንን ሳስረዳቸው የአባባ ፊት በራ።

"ገና ባልደረሰ ቀን የተሰጠ ማስረጃ?" አሉ። "ልክ ነዋ! እኔም ብሆን አልቀበለውም!"

ሣጥኑን እንደ ሥራ ባልደረባ ማክበር የጀመሩት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ይመስለኛል።

ቀኑን መለስኩ፤ አባባ የዘጉትን ከፈትኩ፤ ቨርቹዋል ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁት።

"አባባ፣ እስቲ የጓሮውን በር ይክፈቱልኝ" አልኩ።

ሄደው ከፈቱት። የእኔ ስልክ ጢን አለ። ወዲያው በይበልጣል ኪስ ውስጥ ሌላ ጢን። አውጥቶ አየው፤ "አባባ ተነሥተዋል" ይላል። እልል አልኩ። እውነቴን ነው፣ ብቻዬን እልልታውን አቀለጥኩት፤ ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ በአጥር ብቅ እስኪል ድረስ።

ይበልጣል ግን በቀላሉ አልተረታም። "ይኸው፣ ያቆሙት ራሳቸው ናቸው" አለኝ። "ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ይነካሉ።"

ያን ጊዜ አንደበቴ ተፈታ። "አንተ የስልክህን ጥሪ እንኳ የምትቀይረው ልጅህን ጠርተህ ነው" አልኩት። "እሳቸው ብቻቸውን ገብተው፣ ቀይረው፣ ሲመለስባቸው ተስፋ ሳይቆርጡ የሚመልሰውን ራሱን አድነው አገኙት። እኔ መሥሪያ ቤት ስንቱን ለምኜ እንዲህ የሚያጣራልኝ ሰው አጣለሁ! እንዲህ ያለ ጭንቅላት ያለው ሰው ነው እንደ ሕፃን ልብሱ ታጥፎ የሚወሰደው?"

ይበልጣል ሸሚዙን እንደያዘ አባባን አያቸው። "ቆይ፣ የት ገብተው ነው የቀየሩት?" አላቸው።

አባባ ወንበር ሳቡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ላፕቶፑን ከፍተው በጣታቸው እየጠቆሙ አሳዩት። መሃል ላይ ወንድሜ "አንዴ ይድገሙልኝ፣ አምልጦኛል" አላቸው። ያን ጊዜ የተናገረው ነገር ለራሱ ተሰማው መሰለኝ፣ ሳቅ አፈነው። ሊይዘው ሞክሮ አልቻለም፤ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ከዚያ ተነሣና ሸሚዙን ወስዶ ቁም ሣጥኑ ውስጥ መልሶ ሰቀለው።

አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የሣጥኑ ቀን የፈረንጅ ሊሆን ይችላል" አሉ። "እኔ ግን ከቤቴ አልነቀልም።"

"ይሁን" አለ ይበልጣል።

በማግሥቱ ወደ እንጅባራ ልመለስ ስል የይለፍ ቃሉን ከላፕቶፑ ላይ ላጠፋው ነበር። እጄ እንቢ አለኝ፤ ተውኩት። ቀኑን ብቻ እንዳይነኩብኝ ቃል አስገባኋቸው። እውነትም ቀኑን አልነኩም።

ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ግን አንድ ጠዋት ሚኒባስ እየጠበቅሁ ስልኬ ጢን አለ። መልእክቱ እኔ ከጻፍኩት ይረዝማል። "አባባ ተነሥተዋል። ዓመቱ ግን 2018 ነው" ይላል። ገብተው፣ መልእክቱ የሚጻፍበትን ቦታ ፈልገው፣ የራሳቸውን ጨምረውበታል። አንብቤው ሳልጨርስ ይበልጣል ደወለ። "አየሽው?" አለኝና ስልኩን ይዘን ተሳሳቅን።

ያቺን ዓረፍተ ነገር እንዳለች ትቻታለሁ። በየጠዋቱ ትመጣለች፤ በየጠዋቱም በአባቴ እኮራለሁ። መስከረም ሲጠባ ዓመቱን ማን እንደሚቀይረው አውቃለሁ፤ እኔ እጄን አላስገባም።