ከዝዋይ የመጣው እግር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም፤ ቁጣዬን፣ መጠጤን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬ ነው የማልፈው። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ይስቃሉ። እኔ ጌታቸው፣ የቂርቆሱ መካኒክ፣ ዝም ማለት የማልችል ሰው ነኛ! ታክሲ ውስጥ ከወያላ ጋር፣ ልኳንዳ ቤት ከሥጋ ቆራጩ ጋር፣ ጋራዥ ውስጥ ከሁሉም ጋር ስጨቃጨቅ ነው የምውለው። አፌ የተዘጋው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም መናገር በነበረብኝ ነገር።

የበደልኩት ሰው ሰይድ ይባላል። ቤተሰቦቹ ከወሎ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው ቄራ ነው። እኔ የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩበት ግቢ አሁን ፈርሶ መንገድ ሆኗል። ከቄራ ወረድ ብሎ ጠባብ ጋራዥ በጋራ ከፍተን እንሠራ ነበር። እኔ ፈጣን፣ ጮሌ፣ አፈኛ። እሱ ቀስ የሚል፣ የፈታውን ቡሎን ሁሉ በተፈታበት ተራ ጨርቅ ላይ የሚደረድር። "ጌቾ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይለኝ ነበር። እኔም "አንተ ታጥቀህ እስክትጨርስ ሠርጉ ያልቃል" እለዋለሁ። በእኛ ጾም ጊዜ ምሳው ሥጋ ከሆነ እንዳያስጎመጀኝ ዞር ብሎ ይበላል፤ በረመዳን እኔ ውሃ የምጠጣው ከጋራዡ ወጥቼ ነው። ወንድሜ ነበር ብል አላጋነንኩም።

አንድ ቀን ጋሽ መኮንን የሚባሉ ሰው ከዝዋይ በአይሱዙ አንድ ከባድ ብረት ጭነው መጡ። የጀልባቸው እግር ነው። ለማያውቅ ላስረዳ፤ እንዲህ ዓይነቱ ጀልባ ሞተሩ እንደ መኪና ሞተር ውስጥ ይቀመጣል፤ ከኋላው ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚገባ እግር አለው፣ ጫፉ ላይ ፕሮፔለር ይሽከረከራል። እግሩ ውስጥ ማርሽና ዘይት አለ፣ ውጭው ሐይቅ ነው። ዘይቱንና ሐይቁን የሚለያያቸው ዘንጉን ከቦ የሚቀመጥ የጎማ ቀለበት ነው። ጎማው ከተበላ ውሃ ይገባል፣ ማርሹም ያልቃል። "ልጆቼ፣ የደሴቱን ሰው የማመላልሰው በዚህች ጀልባ ነው፤ ሌላ እንጀራ የለኝም" አሉን።

ዘይቱን ስናፈሰው ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ወረደ። ቀዳዳዎቹን ደፍነን በፓምፕ አየር ነፋንበትና ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ነከርነው። አረፋው ከፕሮፔለሩ ዘንግ ሥር ተንቦለቦለ። ስንፈታው የዓሣ አጥማጅ ናይለን ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ጎማውን በልቶታል። እስከዚህ ድረስ ደህና ሠራን። እዚህ ላይ ቆመን ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ።

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ከሶማሌ ተራ በልኩ ያገኘኋቸውን ሁለት አዲስ ጎማዎች ይዤ ገባሁ። ሰይድ አያቸውና "ጌቾ፣ እዚያ ቦታ ላይ ሁለት የተደረገው በከንቱ አይደለም። መጀመሪያ የድሮዎቹ እንዴት እንደተቀመጡ እንይ። ሲያልቅም አየር መንፋት ብቻ አይበቃም። ውሃው የሚመጣው ከውጭ ነው፣ አየሩን ከውስጡ ስበንም መሞከር አለብን" አለኝ። እኔ የቀጠርናቸው ሠራተኞች ፊት ሳቅኩበት። "ይሄ በቃ ውሃ ላይ የሚሄድ መኪና ነው! አንተ እኮ ብስክሌት ለመሥራትም ስብሰባ ትጠራለህ" አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እሱም ፈገግ ብሎ ወደ ሶላቱ ሄደ።

እሱ ሶላት ላይ እያለ ነው ያደረግኩት። የድሮዎቹን ጎማዎች አቀማመጣቸውን ሳላይ በመዶሻ መትቼ አወጣሁና ትሪው ላይ ወረወርኳቸው። አዲሶቹን ሁለቱንም ከንፈራቸውን፣ ዘንጉን የሚጨብጠውን ስስ ጠርዛቸውን ማለቴ ነው፣ ወደ ውስጥ፣ ወደ ዘይቱ አዙሬ አስገባኋቸው፤ ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ላይ እንደማደርገው። መኪና ላይ ጭንቀቱ ዘይቱ እንዳይወጣ ነው። ካልገባሁ ብሎ ከመኪና ጋር የሚታገል ሐይቅ አዲስ አበባ ውስጥ የት አለና! ገጠምኩ፣ ዘጋሁ፣ አየር ነፋሁበት። አንዲት አረፋ አልወጣም። ኩራቴን ማን ይቻለው።

ከዚያ እጄን ልጠርግ ጨርቅ ሳነሳ ትሪው ላይ ያሉትን የድሮ ጎማዎች አየኋቸው። ተጣብቀው ነው የወጡት፣ ጀርባ ለጀርባ። የአንዱ ከንፈር ወደ አንድ ጎን፣ የሌላው ወደ ሌላ ጎን። አንዱ ዘይቱን ሊይዝ፣ አንዱ ሐይቁን ሊያግድ። ወዲያው ገባኝ። ሳይገባኝ ቀርቶ ነው ማለት ብችል ምንኛ ደስ ባለኝ! ግን ገብቶኛል። ከውስጥ አየር ስነፋበት ለምን እንደያዘ ገባኝ፤ ሐይቁ ከውጭ ሲገፋው እንደማይይዝም ገባኝ።

ምን ከለከለኝ? እንደገና መፍታት ነበረብኝ። ጎማው አንዴ ከገባ ሳይበላሽ አይወጣምና ሌላ መፈለግ ነበረብኝ። አይሱዙው ደግሞ በር ላይ ጡሩምባውን ያንጫርራል። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ጡሩምባው አይደለም። ገና አሁን የሳቅኩበት ሰው ልክ ሆኖ፣ እኔ ተሳስቼ፣ ሠራተኞቹ ሲያዩን ታየኝ። እሱን አልቻልኩም። ለዚህ ነው፣ ለሌላ ለምንም አይደለም። ሁለቱን የድሮ ጎማዎች በእጄ አነሳሁና ቁርጥራጭ ብረት የምንጥልበት በርሜል ውስጥ ጣልኳቸው፤ ላያቸው ላይም ቆሻሻ ጨርቅ ደረብኩባቸው።

ሰይድ ተመለሰ። "አየሩን ስበህም ሞከርከው?" አለኝ። "ሞክሬዋለሁ" አልኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። እግሩን ይዞ ዝዋይ ወርዶ በገዛ እጁ ጀልባው ላይ ሰቀለው፣ ፕሮፔለሩንም ገጠመ። ጋሽ መኮንንን "በእኔ ይሁን" ብሏቸው ተመለሰ።

ብዙም አልቆየ። ጀልባዋ ሰው ጭና ሐይቁ መሃል ላይ እያለች ማርሹ ተሰባብሮ ቆመች። ነፋስ እየገፋት፣ ሰው እየጮኸ፣ ዓሣ አጥማጆች ደርሰው ጎትተው አወጧት። ሰው አልሞተም። ሰው አለመሞቱን ስንት ጊዜ መጽናኛ አድርጌዋለሁ! እግሩ ግን አለቀለት፤ መለዋወጫውም አገር ውስጥ የለም። የጋሽ መኮንን እንጀራ በዚያው ቀረ።

የተሰበረው እግር ወደ እኛ ሲመለስ "እኔ ልፍታው!" ብዬ ዘለልኩ። ለምን መሰላችሁ? ሰይድ የጎማዎቹን አቀማመጥ ቀድሞ እንዳያይ ነው። ጎማዎቹን በካቻቢቴ ቦጫጭቄ አወጣኋቸውና ጭረቱን አሳየሁት። "ስትሰቅለው የሆነ ነገር ነክቶት ይሆን እንዴ?" አልኩት፣ በለሰለሰ ድምፅ። እኔ፣ ዕድሜ ልኬን የምጮኸው ሰውዬ፣ ያን ቀን ድምፄን አለሰለስኩ። ጎማውን አገላብጦ አየው። ከዚያ እጁን አየ። "ፕሮፔለሩን ስገጥም ይሆናል... አዎ፣ አንዴ ሸርተት ብሎኝ ነበር" አለ። ያላጠፋውን ጥፋት ራሱ ፈልጎ አገኘልኝ።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ጋሽ መኮንን ያለቅሱ ነበር። ሰይድ ተነስቶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀና "ጥፋቱ የእኔ እጅ ነው፣ ጌቾ የለበትም" አለ። ጌቾ የለበትም! ጌቾ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር፣ አንገቱን ደፍቶ። ሽማግሌዎቹ ለጓደኛዬ ያዘንኩ መስሏቸው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከዚያ ወዲህ ሰይድ መፍቻ ማንሳት ፈራ። "እጄ ከዳኝ" ይላል። ያጠበቀውን ቡሎን ይመለስበታል፣ ደግሞ ይመለስበታል፣ ከዚያ "ጌቾ፣ እስኪ አንተ እየው" ይለኛል። እኔም አየዋለሁ። ሁልጊዜም በደንብ የጠበቀ ነበር። አንድ ቀን ልብሱን አጣጥፎ አስቀመጠና ወጣ፣ በዚያው ቀረ። አሁን ቄራ የአጎቱ ሱቅ ውስጥ ሳሙናና ፓስታ ይሸጣል። በዚያ ሳልፍ እጆቹ ጭኑ ላይ ተቀምጠው አያቸዋለሁ። እነዚያ እጆች! ቂርቆስ ውስጥ ከእነሱ የተሻለ እጅ አልነበረም።

ዓመታት አለፉ። ጋራዡ በእኔ ስም ታወቀ። አንድ ከሰዓት ሠራተኞቹ ለምሳ ወጥተው ብቻዬን ስቀመጥ ሰይድ መጣ። ሐጅ ሊሄድ ነው። ሐጅ የሚሄድ ሰው የሚያውቃቸውን ሁሉ እየዞረ ይቅርታ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ የሰው ሐቅ ተሸክሞ አይኬድም።

"ጌቾ፣ አውፍ በለኝ" አለኝ።

"ምን አድርገኸኝ?"

"ያን እግር አበላሽቼ የጋራዣችንን ስም አጠፋሁት። ልፋትህን ገደል ከተትኩት። ወላሂ፣ ከሁሉም ሰው የከበደኝ ያንተ ነው።"

ማንም አልነበረም፣ እሱና እኔ ብቻ። ለምኜ የማላገኘውን በር እሱ ራሱ ከፍቶልኝ ቆሟል። አፌን ከፈትኩ። ምን ወጣ?

"አውፍ ብዬሃለሁ" ወጣ።

እኔ! የበደልኩትን ሰው እኔ ይቅር አልኩት! ጎማውን ማዞሬ ስህተት ነው፣ ሰው ይሳሳታል። ውሸቴ ፍርሃት ነው፣ ሰው ይፈራል። ይህኛውስ ምን ይባላል? ስም ያለው ነገር ነው? ሰይድ አቅፎኝ አለቀሰ። "አሁን ቀለለኝ" አለ። እኔም ጀርባውን ቸብ ቸብ አደረግኩት፣ ሽማግሌዎቹ እኔን እንዳደረጉኝ።

ሲመለስ ቤቱ ሄጄ "እንኳን በሰላም መጣህ፣ ሐጂ" አልኩት። ተምር አቀረበልኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "እዚያ ቆሜ በስምህ ዱዓ አድርጌልሃለሁ። ይቅር ያለኝን ወንድሜን ጠብቅልኝ ብዬ" አለኝ። ተምሩ አፌ ውስጥ ነበር። ሰዉ ሁሉ እያየኝ ከነፍሬው ዋጥኩት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ይቅር አትበሉኝ። ይቅርታው የእናንተ አይደለም። የእኔም አልነበረም፤ የሌለኝን ነው የሰጠሁት። ልጅ ነበርኩ እንዳልል ልጅ አልነበርኩም። ጋሽ መኮንን ዐርፈዋል፤ የእሳቸው ይቅርታ አምልጦኛል። ሰይድ ግን አለ፤ ከጋራዤ በእግር ይደረሳል። የምነግረውም ረጅም ነገር አይደለም። "እጅህ አልከዳህም፣ የከዳሁህ እኔ ነኝ" ማለት ብቻ ነው። ኡራኤል ደጅ ቆሜ ስንት ጊዜ ተለማምጄዋለሁ!

ነገ ጁምዓ ነው። መስጊዱ በር ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤ ከሶላት ሲወጣ እነግረዋለሁ። ባለፈው ሐሙስም እንዲህ ብዬ ነበር።