ምግብ አይደለም፣ ጉርሻ ነው

መጻፍ ብዙ አልለመድኩም፤ የተሳሳትኩት ካለ ይቅር በሉኝ። ስለ እታፈራሁ የሚጽፍ ሌላ ሰው ስላላየሁ ነው የጀመርኩት።

እታፈራሁ ኡጋንዳ፣ ካባላጋላ የሚባል ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት አላት። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከመጠጥ ቤቶቹ ኋላ ነው። እኔ ወርቅውሃ እባላለሁ፤ ጓዳ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ ሰሃን አጥባለሁ። ወጥ የምትሠራው ለሊሴ ናት።

ሰው ወደዚህ ቤት የሚመጣው ለወጡ ብቻ አይደለም፤ ለእታፈራሁም ነው። ምሳ ሰዓት ሲሆን ሽርጧን አውልቃ ትወጣለች። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ትዞራለች። አንዱን ስለ ልጁ ትጠይቃለች፣ አንዱን ለምን ከሳህ ትላለች፣ በአንዱ ጸጉር ትቀልዳለች። እነሱ ደግሞ ሳያጎርሷት አይለቋትም። ክትፎ የሚበላው ክትፎ፣ ጥብስ የሚበላው ጥብስ። አንዴ ጎርሶ ዞር ማለትም የለም፤ ይደገማል። እኔ ሰሃን በሚቀበሉበት መስኮት በኩል አያለሁ። መውጣት አልወድም፣ ሰው አፍራለሁ።

የፋሲካ ሰሞን ዓይኗ ብዥ ይልባት ጀመር። ውሃ ጠጥታ አትጠግብም። ለሊሴ እየጎተተች ንቲንዳ የሚባል ሰፈር ያለ ክሊኒክ ወሰደቻት። ስኳር ተገኘባት። ኮሌስትሮልም አለ ተባለ፣ የደም ቅባት ማለት ነው። ሐኪሟ ኡጋንዳዊት ናት፣ ወጣት፣ ቀስ ብላ የምታስረዳ። ከሰሃንሽ ግማሹ ጎመን ወይም ሰላጣ ይሁን አለቻት። እንጀራም፣ ማቶኬ የሚሉት የተቀቀለ ሙዝም፣ ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ገንፎም ትንሽ ትንሽ። ቅቤና የሰባ ሥጋ ይቀንስ። ክኒን ሰጥታ፣ በእግርሽ ተንቀሳቀሽ፣ ሦስት ሳምንት ቆይተሽ ነይ አለቻት። በመጨረሻ፣ ስኳሩ ካልወረደ መርፌ ልንጀምር እንችላለን አለች።

እታፈራሁ የሰማችው መርፌውን ብቻ ነው። የፈላ ድስት በባዶ እጇ ታነሳለች፣ መርፌ ግን ገና ስታይ ላብ ያጠምቃታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓት ያዘች። ለራሷ ትንሽ ሰሃን ገዛች። ጎመን፣ ምስር፣ ከእንጀራ ሩቡን። እዚህ ጤፍ ውድ ስለሆነ እንጀራችን ውስጥ ሩዝና በቆሎ ይገባል፤ ይኼ ለስኳር አይሆንም ብላ ሩቧንም እየፈራች ነበር የምትቆርሰው። ሻይ ያለ ስኳር ጀመረች፤ ይኼ ያዘነ ሙቅ ውሃ ነው እያለች ትጠጣለች። ጎረቤታችን ማቶኬ ስትልክላት አመስግና ለለሊሴ ትሰጣለች። ሮሌክስ የሚሉትን፣ እንቁላል በቻፓቲ ቂጣ የሚጠቀልለው ሰውዬ ጋ ስትደርስ ሽታው እንዳይጠራት መንገድ ትሻገራለች። ሰሃኗን እያሳየች፣ ወርቅዬ እይኝ፣ እንደ ወፍ ሆንኩ ትለኛለች።

ሦስቱ ሳምንት ሲሞላ ሄደች። ስኳሩ ንቅንቅ አላለም። እንዲያውም ትንሽ ጨምሯል። ሐኪሟ ምን ትበያለሽ ብትላት ከትንሿ ሰሃኗ ሌላ እንደማትበላ በማርያም ምላ ነገረቻት። አልዋሸችም፣ እንደዚያ መስሏታል። ሐኪሟ አንድ ወር ሰጠቻትና፣ አሁንም እንዲህ ከሆነ መርፌው ይጀመራል አለቻት።

ብዙም ሳይቆይ ሐኪሟ ራሷ ከጓደኛዋ ጋር ምሳ ልትበላ መጣች። ምግባችንን ትወዳለች መሰለኝ። ጥግ ይዛ ተቀምጣ ታያለች። እታፈራሁ እንደ ልማዷ ትዞራለች። እዚህ ክትፎ፣ እዚያ ቀይ ወጥ፣ እዚያ ጥብስ ከነቅቤው። ሐኪሟ ጠራቻትና፣ ስትበይ አየሁሽ አለቻት። እታፈራሁን ከልቧ ገረማት።

"ምግብ እኮ አይደለም፣ ጉርሻ ነው" አለቻት በእንግሊዝኛ፤ ጉርሻ የሚለውን ብቻ በአማርኛ።

እታፈራሁ ጉርሻ ምን እንደሆነ አስረድታ እስክትጨርስ ሐኪሟ ሰማቻት።

"ደምሽ አማርኛ አይችልም" አለቻት።

እታፈራሁ ሳቀች እንጂ አላመነችም። ጉርሻ ፍቅር ነው፣ የሰው ፍቅር ያሳምማል እንዴ እያለች ጓዳ ገባች። ለሊሴ ግን ተንኮለኛ ናት። በማግስቱ እታፈራሁ ከዙር በተመለሰች ቁጥር ማን ምን አጎረሰሽ ትላታለች። እሷም ወሬ ስለምትወድ ትነግራታለች። ለሊሴ ያንኑ ያህል እየቆረሰች ሰሃን ላይ ታስቀምጣለች። ምሳ ሲያበቃ ሰሃኑን ፊቷ አቀረበችው። ክትፎው፣ ቀይ ወጡ፣ ጥብሱ፣ እንጀራው ተቆልሏል።

"ይኼ ለስንት ሰው ነው? ማን አዘዘ?" አለች እታፈራሁ።

"ያንቺ ነው እትዬ። በልተሽዋል።"

እታፈራሁ ሰሃኑን ወደ ራሷ ስባ አየችው። ከዚያ ወዲያ አልቀለደችም። ግን እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? ባለቤቷ የራሷን ወጥ የማትቀምስበት ቤት ማን ይገባል? ቅቤው ተበላሽቶ ነው ይላሉ፣ ወይም ናቀችን ይላሉ። መርፌውም ቆሞ ይጠብቃል። ስትጨነቅ ሰነበተችና መላ አገኘሁ አለችን። ጾም ነኝ እላቸዋለሁ አለች።

እኛም ደህና መላ መስሎን ነበር። የረሳነው ሃምሳውን ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሰው ሁሉ ክትፎ ይዞ ተቀምጦ እሷ ጾም ነኝ ትላለች። ወሬው ወዲያው ሩቅ ያለው ኪሰንዪ ሰፈር ደረሰ። ከባድ ኃጢአት ሠርታ ንስሐ ገብታለች ተባለ። አንዱማ አገር ቤት የደበቀችው ባል አላት ብሏል። ለወሬው ሲል የሚመጣው በዝቶ ገበያው ደራ።

ጋሽ ኃይለመስቀል ግን ቅር አላቸው። የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሽማግሌ ናቸው። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚያጎርሷት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ክትፎ ጠቅልለው እጃቸውን ዘረጉ። ጾም ነኝ ጋሼ አለቻቸው። እጃቸውን አልመለሱም።

"ሃምሳው ሳይወጣ የምን ጾም ነው ልጄ? ቄስ ነው ያዘዘሽ ወይስ ሐኪም?"

የሚበላው ሁሉ ዞሮ አያት። እኔም እጄን ከሳሙናው ውኃ አላወጣሁም። እታፈራሁ መሬት መሬቱን አየች።

"ሐኪም ናት ጋሼ" አለች። "ስኳር ይዞኛል። ኮሌስትሮልም አለብኝ። ወጤን ጠልቼ አይደለም። ጉርሻችሁን እምቢ ስል ትቀየሙኛላችሁ ብዬ ነው የዋሸሁት።"

ጋሽ ኃይለመስቀል ክትፎውን አዩት። ራሳቸው ጎረሱት። አላምጠው እስኪውጡ ሁሉም ጠበቀ። ከዚያ ጥፍር የምታክል እንጀራ ቆርሰው ጎመን ጠቀለሉባት።

"ይቺንስ ሐኪምሽ ትፈቅዳለች?"

ትፈቅዳለች ብላ ጎረሰች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ቃሪያው ይሁን ሌላ አላውቅም።

ከዚያማ ሌላ ጣጣ መጣ። ሁሉም ጎመን ላጉርሳት አለ። ቀትር ሳይሆን ጎመኑ ያልቃል። እሷም በቀን አንድ ጠረጴዛ ብቻ ብላ ደነገገች። አሁን ደግሞ በተራው ይጣላሉ። ታፈሰ የሚባል ነጋዴ፣ ከኪሰንዪ በዚያ ሁሉ የመኪና ጃም ታክሲ ውስጥ ታጭቄ የመጣሁት ተራዬ ነው ብዬ ነው እያለ ተነጫነጨ። አንዳንዱ ድምፁን ቀነስ አድርጎ የእትዬን አምጪልኝ ማለት ጀመረ። ግማሽ ጎመን፣ ምስር፣ ቅቤ ያልነካው ስብ የሌለው ጥብስ፣ ትንሽ እንጀራ። ጋሽ ኃይለመስቀል አንድ ቀን ሞክረውት ወደ ክትፏቸው ተመለሱ።

ቀጠሮዋ ደረሰ። ከክሊኒክ ስትመለስ ምሳ ሰዓት ነበር፤ ሰው መብላቱን ትቶ ጠበቃት። በሩ ላይ ቆማ ስኳሩ ወርዷል አለች። ኮሌስትሮሉ ገና እልኸኛ ነው፣ ክኒኑ ይቀጥላል። መርፌው ግን ለአሁኑ ቀርቷል።

ቤቱ በሙሉ ለደስታው ላጉርስሽ ብሎ ተነሳ። ጥብስ የያዘም ነበር። እታፈራሁ ሮጣ ጓዳ ገባችና፣ ለሊሴ ትጉረስልኝ ብላ ገፍታ አስወጣቻት። ለሊሴ ቀጭን ናት፣ ምንም ብትበላ አይታይባትም፤ ደስ ብሏት ዞረች።

እታፈራሁ በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ትንሿን ሰሃኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ በላች። ወርቅዬ፣ ምስሩ ጨው አንሶታል አለችኝ። ቀመስኩት። እውነቷን ነው፣ አንሶታል።