የጋሽ ይሻው አውራ ጣትና የጠፈሯ ልጅ

ሠናይት የጌም ማሽኗን ጆይስቲክ በፌስታል ጠቅልላ ወደ ሱቄ ያመጣችው በሐምሌ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ሐምሌ ማለት ዝናብና ጭቃ ነው፤ እንደኔ ላለ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ደግሞ ከምሠራበት ሰዓት መብራት የምጠብቅበት ሰዓት የሚበልጥበት ወር ነው።

«የመዝለያው ቁልፍ ጠነከረብን» አለችኝ።

ተጫንኩት። ምንም አልሆነም።

«ደኅና ነው እኮ። ማንን ነው ያስቸገረው?»

«አባቴን።»

አባቷ ጋሽ ይሻው የጋፋት ገበሬ ናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳ ስምንት ነው። ግንቦት ላይ አንድ ማለዳ ከብት ሊፈቱ ሲነሡ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ሐኪም ቤት ስትሮክ ነው ተባለ። እግራቸው በሦስት ሳምንት ተመለሰ። አንደበታቸውም ትንሽ ከመጎተት በቀር ደኅና ነው። ቀኝ እጃቸው ግን እንደ እርጥብ ጨርቅ ጭናቸው ላይ ቀረ። ሠናይት ከኩዌት ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ጸጉር ቤት ከፍታለች። ከሐኪም እንዳይርቁ ብላ አባቷን ከጸጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል አስቀመጠቻቸው።

ጋሽ ይሻውን ያስጨነቃቸው ሕመሙ አልነበረም፤ መብላት ነው። በግራ እጅ ማዕድ መንካት ለእርሳቸው ነውር ነው። ሰው እያየ በልጅ እጅ መጉረስም አይሆንላቸውም። ስለዚህ በሩ ይዘጋና ሠናይት ታጎርሳቸዋለች። መሐል ላይ ሰው ካንኳኳ «በቃኝ፣ አንሺው» ይላሉ። የመድኃኔዓለምን ማኅበር ሠላሳ ዓመት ሳያጓድሉ የጠጡ ሰው ሰኔን ቀሩ፣ ሐምሌንም ቀሩ። ችግሩ ጥቅምት ሃያ ሰባት ተራው የራሳቸው መሆኑ ነው። ደጋሽ በገዛ ቤቱ ከማኅበርተኞቹ ጋር ሳይቆርስ አይውልም።

«ወይ እጄ ይመለሳል፣ ወይ ጽዋውን ለሌላ ሰጥቼ እወጣለሁ» ብለዋታል።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ለስላሳ ኳስ ሰጥታ በቀን ሁለት መቶ ጊዜ ጨብጡ ብላቸው ነበር። ሃያ ጊዜ ይጨብጡና «ይህን ባልበው ወተት አይወጣው» ብለው ያስቀምጡታል።

ሠናይት ከኩዌት ስትመጣ ዘመድ አዝማድ ወርቅ ወይም ብርድ ልብስ ሲጠብቅ ከሻንጣዋ የወጣው የጌም ማሽን ነው። እዚያ ካሳደገቻት ልጅ ጋር እየተጫወተች የለመደችው ነው። አንድ ዝናባም ከሰዓት ደንበኛ ጠፍቶ ስትጫወት ጋሽ ይሻው አልጋቸው ላይ ሆነው ሲያዩ ቆዩ።

«ይቺ ልጅ የማን ናት?» አሏት።

«የማንም አይደለች፤ ጌም ነው አባዬ። መንኮራኩሯ ተሰብሮባት ከማታውቀው ዓለም ወድቃ ነው።»

«ዘመድ የላትም?»

«ብቻዋን ናት።»

«ታዲያ ምን ትጫወችባታለሽ? ወደ አገሯ መልሻት እንጂ!»

እንዲህ ነው የተጀመረው። በሳምንቱ ጆይስቲኩ እርሳቸው እጅ ገባ፤ አውራ ጣታቸው ግን ቁልፉን መጫን አቃተው።

ፈትቼ ሳየው ከቁልፉ ሥር ያለችው ላስቲክ አዲስ ናት፤ ጠንካራ። ከሞተ ጆይስቲክ ያለቀች፣ የለሰለሰች ላስቲክ አውጥቼ ተካሁላት። ሲበረቱ እየጠነከረች እንድትሄድ የገዛ ራሱን ጨምሮ ሌሎች ሦስት ላስቲኮች በደረጃ ለይቼ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ «ላጽዳው» እያልኩ ብቅ እላለሁ፤ ላስቲኩን መቀየሬን አልነገርኳቸውም።

ጨዋታው የግሪኮችን የጥንት ተረት ወስዶ ጠፈር ላይ የተከለ ነው። መውጫው የሚጠፋ ዋሻ አለ፣ የበሬ ራስ ያለው የብረት አውሬ አለ፣ በር የሚጠብቅ ባለ ሦስት ራስ ውሻ አለ። ልጅቷ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች፣ ግድግዳ እየጨበጠች መንገድ ትፈልጋለች። እንደ ዕቃ መረመርኩት። አይቸኩልም፤ ሰዓት አይቆጥርም፣ በዚህ ሂድ የሚል ቀስት የለውም። ኔትወርክ አይጠይቅም፣ ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዝላዩ በአውራ ጣት ይመጠናል፦ ነካ ካደረጉት ትንሽ እመር ትላለች፣ ይዘው ከቆዩ ከፍ ትላለች። ግድግዳ ለማስጨበጥ ደግሞ ጠቋሚ ጣት ከላይ ያለውን ቁልፍ መያዝ አለበት። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት፤ እንጀራ የሚቆረሰውም በነዚሁ ነው። ባለሙያዋም አይታ «ከኳሱ ይህ ይሻላል፣ ብቻ እንዳይደክሙ» አለች።

ጉድለቱም አያንስም። ጽሑፉ ደቃቅ እንግሊዝኛ ነው። የደረሱበትን የሚያስቀምጥባቸው ቦታዎች የተራራቁ ናቸው፤ መብራት ድንገት ሲሄድ የአንድ ሰዓት ልፋት አብሮ ይሄዳል። ካርታው አይረባም። አንዲት በር ለማስከፈት የመጣህበትን ሁሉ ተመለስ ይልሃል። ይህን የመጨረሻውን ለጋሽ ይሻው ባማርር አልተስማሙም።

«መንገድ ሲሄዱበት መች ይታወቃል? ሲመለሱበት ነው እንጂ» አሉኝ።

ካርታም አላስፈለጋቸውም። እሳት የሚንቀለቀልበትን አዳራሽ መድፍ በተቀለጠበት መንደራቸው ስም ጋፋት አሉት፤ ነፋስ የሚያንገላታውን ገደል በደጋው ስም ገሳይ። «ከገሳይ ዝቅ ብላ ያለችው ቀዳዳ» ካሉ ሠናይት ወዲያው ይገባታል። የበሬ ራስ ያለውን አውሬ እኔ ስድስት ጊዜ ሞክሬ ስድስት ጊዜ ገደለኝ። እርሳቸው ሁለት ቀን ቆመው ሲያዩት ሰነበቱና «ቀንዱን ወደ ግራ ሲያዘነብል በቀኙ ነው» ብለው አለፉት። የዚያን ዕለት ሁለተኛውን ላስቲክ አስገባሁ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ነገሩ ቆመ። አንድ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ግዙፍ የብረት ሽማግሌ በጀርባው ተዘርሮ ተኝቷል፤ ጢሙ ደረቱን ሸፍኖታል። በላዩ ዘሎ ማለፍ ነው፤ ሌላ መንገድ የለም።

«አልዘልም» አሉ ጋሽ ይሻው።

«አባዬ፣ አይነቃም እኮ!»

«እሱማ የባሰ። የተኛ ሰው አይራመዱም፤ ሽማግሌ ነው ደግሞ።»

«ብረት ነው!»

«ጢም አለው» አሉና ዘጉት።

ልስቅ ብዬ ተውኩት። እኔም እናቴ መሬት ላይ ጋደም ካለች ዞሬ ነው የማልፈው። የተኛ ሰው መራመድ ልጅን እንዳያድግ ያደርጋል ይባላል፣ ለትልቅ ሰው ንቀት ነው። በስሕተት የተራመደ ሰው በመጣበት መልሶ ይራመዳል፤ መድኃኒቱ ይኸው ነው።

ሳምንት ሙሉ ሌላ መንገድ ፈለጉ። ሲያጡ ጆይስቲኩን አስቀመጡ። አምስት ቀን፣ ስድስት ቀን። ጣቶቻቸው እንደገና ወደ መዳፋቸው መታጠፍ ጀመሩ። ጥቅምት ገባ። ሠናይት ጨነቃት፤ አንድ ጠዋት እርሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ እንደወጡ ራሷ ዘለለችና ጨዋታውን ወዲያ ማዶ ባለው ማስቀመጫ ቦታ አስቀመጠችው። ሲመለሱ ዝም ብለው ይቀጥላሉ ብላ ነው።

ተመልሰው ቴሌቪዥኑን አዩ።

«ሽማግሌው የት ሄደ?»

ልትዋሻቸው አልቻለችም። «ዘለልኩት።»

«ተራመድሽው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«በይ መልሰሽ ተራመጂው!»

መመለስ ግን ቀላል አልነበረም። ከወዲያ ማዶ መሬቱ እንደ ጉድጓድ ዝቅ ይላል። የሠሪዎቹ ሐሳብ ሰው ወደፊት እንዲሄድ ብቻ ነው፤ ተመልሶ ሽማግሌውን ይቅርታ የሚጠይቅ ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም። ለመውጣት አውራ ጣት ቁልፉን እስከ መጨረሻው ይዞ መቆየት፣ ጠቋሚ ጣት ግድግዳውን መጨበጥ፣ ሳይለቁ ደግሞ እንደገና መዝለል ያስፈልጋል። ሠናይት አርባ ጊዜ ሞክራ አርባ ጊዜ ወደቀች። እኔም አልቻልኩም፤ አይቻልም ብዬም ደመደምኩ።

«አምጪው» አሉ ጋሽ ይሻው።

አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ከሰዓት አንድ ሰዓት። ልጅቷ በወደቀች ቁጥር «ተነሽ ልጄ፣ አይዞሽ» ይሏታል። የሠናይት ደንበኞች ቢጎዲን እንደጠቀለሉ፣ አንዷም ግማሽ ሹሩባዋን ይዛ፣ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። «ኧረ ጋሼ፣ ትንሽ ቀረችዎት!» ትላለች አንዷ። «ትንሽማ ሁልጊዜ ትቀራለች» ይላሉ ሳይዞሩ። ሦስተኛውን ላስቲክ በአራተኛው ቀን አስገባሁ፤ በስምንተኛው ቀን የገዛ ራሱን፣ ጠንካራውን መለስኩ። አልታወቃቸውም።

በአሥራ አንደኛው ቀን አውራ ጣታቸው ያዘ፣ ጠቋሚ ጣታቸው ጨበጠ፣ ልጅቷ ወጣችና በሽማግሌው ላይ ተመልሳ ተራመደች። ጋሽ ይሻው ጆይስቲኩን አስቀምጠው ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ አሉ።

«ይቅር ይበሉን አባቴ፤ ልጅ ናት፣ ሳታውቅ ነው።»

የትኛዋን ልጅ እንደሆነ አልተናገሩም። ሠናይት ጸጉር ማድረቂያውን ያለ ደንበኛ አስነሥታ ጀርባዋን ሰጠችን።

«ታዲያ ጋሼ፣ የልጅቷ መሄጃ እኮ በዚያ ማዶ ነው» አልኳቸው።

«ትቆይ። ሲነቃ ታልፋለች።»

ሽማግሌው እንደማይነቃ አውቃለሁ፤ አልነገርኳቸውም። ጨዋታውን አልጨረሱትም።

ጥቅምት ሃያ ሰባት ጋፋት ቤታቸው ተጠራሁ። ቄሱ ባረኩ፣ ማዕዱ ቀረበ፣ ስምንት ሰው ከበበው። ጋሽ ይሻው ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡ። ሁሉም እንዳላየ ሆነ፤ ስለ ማዳበሪያ መዘግየት ድንገት ብዙ የሚናገር ሰው ተገኘ። አውራ ጣታቸውና ጠቋሚ ጣታቸው ተገናኙ፣ ቆረሱ፣ ከወጡ አጣቀሱ፣ ጉርሻው ከፍ አለ። ደረታቸው ላይ ሲደርስ አመለጣቸውና መሬት ወረደ፤ የቤቱ ድመት ላፍ አደረገችው።

የማዳበሪያው ወሬ ተቋረጠ። በር ላይ ማስታጠቢያ ይዛ የቆመችው ሠናይት አንድ እርምጃ ወደፊት አለች።

«አንተ ይሻው» አሉ አጠገባቸው የተቀመጡት የልጅነት ጓደኛቸው ጋሽ ፋንታው፣ «ከኛ አስቀድመህ ድመቷን አጎረስክ? አምስት ወር ጠፍተህ ከርመህ እንዲህ ነው እንግዳ የምትቀበል?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ይሻውም ሳቁ።

«ድመቷ ካንተ ትሻላለች፣ አይጥ ትይዛለች» አሉና እንደገና ቆረሱ። አሁን ቀስ ብለው ነው። ጉርሻው ደረታቸውን አለፈ፤ አፋቸው ደረሰ። አላመጡ፣ ዋጡ፣ ወደ በሩ ቀና አሉ።

«ሠናይት፣ ወጡ ጨው ያንሰዋል።»

አምስት ወር በእጇ ስታጎርሳቸው ስለ ጨው አንድ ቀን ተናግረው አያውቁም ነበር። ማስታጠቢያውን አስቀምጣ፣ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ ጨው ልታመጣ ወደ ጓዳ ሮጠች።