የስፌት መኪናዋ ሞተር

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ካስጠላት ሰንብቷል። ሰውዬው መኪና መንዳት ያስተምራል፤ ሰፈሩ ግን «ኢንጂነሩ» ይለዋል፤ እሱም ማሾፋቸው አይገባውም። ቢሮዎች የጣሉትን አሮጌ ላፕቶፕ ሁሉ ለቃቅሞ ቤት ያስገባና «ይሄ እኮ ይሠራል» ይላል። አንዱን ግድግዳ ላይ ቸንክሮ ሰዓት አደረገው። አንዱ በር ላይ ሆኖ የመጣውን እንግዳ ያሳያል፤ ዘመድ አዝማዱ ግን መቀረጹን ጠልቶ እግሩን ሰብስቧል። ወጥ ቤት ያለው ደግሞ ራዲዮ ሆኗል፤ እስኪከፈት ሽንኩርቱ ያራል። ከነዚህ ሁሉ የወደደችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሞተ ላፕቶፕ ሆድ የወጣች፣ የወደቀ መርፌ የምትለቅም ማግኔት። ይህን አልነገረችውም፤ ቢሰማ ሌላ ጆንያ ሙሉ ይዞ ይመጣል።

የምትሠራበት የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ እሷንም ቀነሳት። ሥራ ስትለምን ስትማጸን ከርማ፣ የሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት ዳይሬክተር ሰኞ ጠዋት አንድ የልጅ ሽርጥ ሰፍታ እንድታሳያት ነገረቻት። ከወደደችው የዓመቱ ስፌት የሷ ነው።

እሑድ ከሰዓት ጨርቁን ቆርጣ የስፌት መኪናዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። ክር አስገብታ ፔዳሉን ረገጠች። ዝም። ጎንበስ ብላ ብታይ ሞተሩ የለም፤ የብሎኑ ቀዳዳዎች ብቻ አፍጠውባታል።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው፤ የሚፈራትም እንዲህ ስትሆን ነው። የሰዓቱ ላፕቶፕ እየጋለ ሲያስቸግረው ሞተሩን ፈትቶ፣ የፕላስቲክ ክንፍ ገጥሞ፣ ማቀዝቀዣ እንዳደረገለት ተናዘዘ። መልሰህ ግጠመው ስትለው ጣራ ጣራውን ያያል። ለካ ያ ሞተር እየረገጡ የሚያሳርፉት እንጂ ቀን ከሌት የሚሽከረከር አይደለም፤ ተቃጥሏል።

«የማትፈልጊው መስሎኝ ነው» አለ። «ዝም ብሎ ተቀምጦ ሳየው…»

«እኔም ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር። የማልፈለግ መሰልኩህ?»

የመለዋወጫ ሱቆች ዝግ ናቸው። በርጩማ አምጥታ ከመኪናው ጎን አስቀመጠችና መዘውሩን በእጁ እንዲያዞር አዘዘችው። ሲፈጥን ክሩ ይበጠሳል፤ ሲዘገይ ትሰድበዋለች። ዕድሜውን ሙሉ መሪ በያዘ ሰው ላይ ሲጮህ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ተራው ደረሰ።

«ቀስ በል» ትለዋለች፣ የሽርጡ አንገት ጋ ስትደርስ። «ኩርባ ነው፤ አይታይህም?»

ሽርጡ አለቀ፤ ስፌቱም ቀጥ ብሏል። በላብ የራሰ ፊቱን ጠርጎ «አየሽ፣ ይሠራል እኮ» አለ። ቀና ብላም አላየችውም።

ሰኞ ቀትር ላይ ጣቃ ጨርቅ ተሸክማ ገባች፤ ሥራውን አግኝታለች። ባሏ ተማሪዎቹን ትቶ በርጩማው ላይ ተሰይሞ ኖሯል። የዛለ ክንዱን እያሻሸ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚፈለግ ሰው ደስ ብሎት፣ «ልጀምር?» አላት።

ከቦርሳዋ አዲስ ሞተር አወጣች።

«ተነሳ» አለችው። «ጨርቁን አስቀምጥበታለሁ።»