ሃያ ሁለት እግር ያለው የኩሬ ፍጡር

በደርግ ዘመን፣ ጎባ ውስጥ ልጆቼን ካሳደግኩ በኋላ ስድስተኛ ክፍል ገባሁ። ወጣቱ የሳይንስ መምህራችን፣ በክረምት ብቻ ውኃ ከሚይዘው ኩሬ ሦስት ዓይነት ነፍሳት እንድናመጣ አዘዘን፤ ከአሥር ይታረማል። ሁለት ዓይነት ጥንዚዛ ያዝኩ። ሦስተኛው በጀርባው የሚዋኝ፣ መስተዋት የመሰለ ፍጡር ነበር። እግሩን ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ሃያ ሁለት። የነፍሳት እግር ደግሞ ስድስት ነው።

«እኔም ስሙን አላውቀውም፤ እትዬ፣ ነፍሳት ብለው ይለፉት» አለኝ መምህሩ። «ነፍሳት አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ማርክ ቀነሰብኝ።

ተናድጄ ለጎረቤቴ ብነግራት በሳቅ ፈነዳች። «ያ ረቢ! እየዋኘ ነፍስ የለውም አልሽ?»

«ነፍስማ አለው። ነፍሳት አይደለም እንጂ።»

«ሂጂ ወዲያ! አንዷ ነፍስ ካለችው ነፍሳት ለመባል ምን ያንሰዋል?»

ሰባቴን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።