ጣቴ ላይ የታሰረው ሲባጎ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የቆምኩት ስለ እንቅልፍ ልመሰክር ነው። መጋቢያችን «አጭር ይሁን» ብሎኛል፤ ግን ዕድሜውን ተሳቢ ሲጎትት የኖረ ሰው ወሬውም ጭራ አለውና ታገሡኝ። ጌታ ይባረክ!

ከነቀምት አዲስ አበባ በቆሎ አመላልስ ነበር። አምላክን የማስበው ፍሬን እምቢ ሲለኝ ብቻ ነበር። ከመንገዱ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ማደሪያው ነበር፤ አንዱ ጋ ባቆም ናፍጣ ይቀዳብኛል፣ ሌላው ጋ ባቆም ሸራዬ ይቀደዳል። ረዳት እንዳልይዝ እሱንም አላምንም። እኔ ብልጡ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ሸራው ላይ ሲባጎ አስሬ፣ በጋቢናው መስኮት አስገብቼ፣ ጫፉን ከእግሬ አውራ ጣት ጋር አሰርኩት። ሌባ ሸራውን ሲነካ ልነቃ! ምን ዋጋ አለው፣ ሸራውን የሚነካው ነፋስ ነው። ነፋስ ጣቴን ሲጎትት፣ እኔ የጎማ መፍቻ ይዤ ስወርድ ስወጣ ይነጋል። የምተኛው ቀን፣ መሪ ይዤ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ጊንጪ ላይ ዓይኔ ተከደነ። የነቃሁት አንዲት ሴት የአህያ መንጃ ዱላዋን መስታወቴ ላይ ስታሳርፍ ነው። «አንተ ሽማግሌ! አልጋህ ላይ ተኛ እንጂ እኛ ላይ አትተኛ!» የመኪናዬ አፍንጫ ሽንኩርቷ አጠገብ ቆሟል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሽንኩርት እንኳ አልጨፈለቅሁም።

አምቦ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «አባባ፣ ልብዎም ደምዎም ደህና ነው» አለኝ። «የጎደለዎት እንቅልፍ ነው። ካልተኙ መንዳት ያቁሙ፤ ሰው ይገድላሉ።»

«ክኒን ስጠኛ!»

«ክኒን ውጠው ሊነዱ?»

ባለቤቴም «ቁልፉን አስረክብ» ትለኝ ጀመር። ከመንዳት ሌላ የማውቀው ሥራ የለም። ጨነቀኝ።

ብዙም ሳይቆይ መንገድ ተዘጋና እጃጂ ላይ መሸብኝ። ኦቦ ቶሌራ የሚባሉ የጸሎት ቤት ሽማግሌ የግቢውን በር ከፈቱልኝ።

«ጥበቃው ማነው?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር።»

«ከእሱ ሌላ?»

«ውሻ ነበረን፣ ሞተ።»

በዚህ ዋስትና ሰው ይተኛል? ሲባጎዬን ጠበቅ አድርጌ አሰርኩ።

ሊነጋጋ ሲል ጣቴ ተጎተተ። ነፋስ አይደለም፣ ሰው ነው! መፍቻዬን ይዤ ዘለልኩ። ለካ ሲባጎውን አልፈታሁም፤ አንድ እግሬ ጋቢና ቀርቶ በፊቴ ጭቃ ላይ ተደፋሁ። ቀና ስል ኦቦ ቶሌራ ጭነቱ አናት ላይ ሆነው፣ በዝናብ በስብሰው፣ ሸራዬን ያስራሉ። የራሳቸውን ጋቢ ሳይቀር ጆንያዎቹ ላይ ጥለውታል።

«አከም ቡልተ፣ ወንድሜ?» አሉኝ። ጭቃ ላይ የተደፋ ሰው እንዴት አደርክ ይባላል? «ዝናቡ ሸራህን ገልጦት ነው። ደክሞሃል ብዬ አልቀሰቀስኩህም።»

ወርደው አነሱኝ። ጣቴን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። አልሳቁብኝም። ዋሸሁ፣ በጣም ሳቁ።

«ይህን ሁሉ ጠብቀህ ምን አተረፍክ?»

«ስኮርታ ጎማዬን እንኳ የሰረቁኝ ነቅቼ ሳለሁ ነው።»

«እንግዲያ ለማይተኛው ስጠውና አንተ ተኛ።»

ስብከታቸው ይኸው ነበር። ወገኖቼ፣ ለእኔ በቆሎ ሲል የሥጋ ወንድሜ እንኳ በዝናብ አይመታም። ሌባ ብዬ ልፈነክተው የወጣሁት ሰው ግን ለእኔ በስብሶ አየሁት። «ይህን ሰው የላከ ጌታ እኔንም ያውቀኛል» አልኩ። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ፤ ለነገሩ ግማሽ ገላዬ ቀድሞኝ ነበር። ጸለዩልኝ፣ ጌታን ተቀበልኩ። ሃሌ ሉያ! ከዚያ ሲባጎውን ፈትቼ ጋቢና ገባሁ፣ ተኛሁ። መንገዱ ተከፍቶ መኪኖች ሲያልፉ አልሰማሁም። የቀሰቀሰኝ ረሃብ ነው።

ከዚያ ወዲህ አልተሰረቅሁም አልልም፤ አንድ ጊዜ ባትሪዬን ወስደውታል። ተኝቼ ነበር፣ ጌታ ይመስገን! መሪ ላይ ግን ዳግመኛ አላንቀላፋሁም፤ ሰው ሳልገድል ለጡረታ በቃሁ። ባለቤቴ ያቻት፣ ጠይቋት። አሁን በእኔ ማንኮራፋት እንቅልፍ ያጣችው እሷ ናት፤ ጸልዩላት።

ከመካከላችሁ ሱቁን፣ መሬቱን ወይ ልጁን ሲጠብቅ ዓይኑ የማይከደን ካለ፣ ጌታን ይመነው። በራችሁን ቆልፉ፣ መቆለፍ ኃጢአት አይደለም። ከቆለፋችሁ በኋላ ግን ተኙ። የሌሊቱ ተረኛ እሱ ነው።