የወርቄ ዋስ

የወርቄን ባል ደሳለውን የቀበርነው በሐምሌ ነበር። ጥቅምት ገብቶ ማሽላው እሸት ሲይዝ ዝንጀሮዎቹ ሰውየው እንደሌለ አወቁ።

ማሳዋ ከመካነ ሰላም በታች፣ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ደሳለው በሕይወት ሳለ ማለዳ ከአፋፉ ቆሞ ባለ ሁለት አፈሙዙን የአደን ጠመንጃ አንዴ ወደ ሰማይ ካጮኸ መንጋው ያን ቀን ዝር አይልም ነበር። ወርቄ በወንጭፍ ሞከረች፣ በጅራፍ ሞከረች፣ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች። ዝንጀሮ ሴትና ወንድ ይለያል። ትልልቆቹ ጥርሳቸውን እያሳዩዋት ቁጭ ብለው እሸቱን ይፈለፍላሉ።

ጠመንጃው ቤቷ አለ፤ ጥይቱ ግን ደሳለው በታመመበት ወራት አልቋል። አንድ የገበያ ቀን ይህን የሰማ የጨው ነጋዴ ጠጋ ብሎ፣ «ያ ጠመንጃ የሚጎርሰው ጥይት አለኝ፤ ከጨው ሥር አድርጌ አመጣልሻለሁ። ማን ያይሻል?» አላት። ወርቄም አምጣልኝ አለችው።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ከጎረቤቷ ከሼህ አሕመድኑር ጋር ተገናኙ። ሼህ አሕመድኑር ለሰፈሩ ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ መምህር ናቸው፤ ማሳቸውም ከወርቄ ማሳ ጋር ድንበርተኛ ነው። ሰዓድ የሚባል ጎልማሳ ልጅ ነበራቸው። ሰርግ ላይ አንድ ሚዜ በደስታ የተኮሰው ጥይት አግኝቶት ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሼሁ ሰርግ ቤት ረግጠው አያውቁም፤ ጠመንጃ ያነገተ እንግዳም ወደ ቤታቸው ሲመጣ መሣሪያውን ከአጥር ውጭ ለሰው ሰጥቶ ነው የሚገባው።

ወርቄ ነገር መደበቅ አታውቅበትም። «ሼሁ፣ ጥይት ልገዛ ነው» አለቻቸው።

«ፈቃድ አለሽ?»

«የደሳለው ፈቃድ አለ አይደል?»

«ልጄ፣ ፈቃዱ የደሳለው ነው። ደሳለው ደግሞ አኼራ ሄዷል።» ምርኩዛቸውን ወደ መካነ ሰላም ቀስረው፣ «ሂጂና መንግሥትን ጠይቂ። ራሱ ሄዶ የጠየቀና ተይዞ የተጠየቀ አንድ አይደሉም» አሏት።

በማግሥቱ ለጨው ነጋዴው ይቅርብኝ ብላ ልካ፣ መካነ ሰላም ወጥታ ፖሊስ ዘንድ ቀረበች። የተቀበላት ሃምሳ አለቃ ታደለ የሚባል ሰው ነበር። የመጣችበትን ነግራው፣ «ጠመንጃውን ይዤው ልምጣ?» ስትለው ደነገጠ።

«እንዳትነኪው! መንገድ ላይ ብትገኚ ያለ ፈቃድ የያዝሽ ነሽ። ባለበት ይቀመጥ፤ ሚሊሻ ልከን እንረከብሻለን።»

ከዚያ አስቀምጦ አስረዳት። ፈቃድ በስም የሚሰጥ ነው፤ ባለቤቱ ሲሞት ወራሽ ዝም ብሎ አይይዘውም፤ አመልክቶ በራሱ ስም ማውጣት አለበት። ጥይት የሚገዛው ፈቃድ ያለው ነው፤ ያውም በተፈቀደለት መጠን። ማዋስ፣ መሸጥ፣ ሰርግና ለቅሶ ላይ መተኮስ ክልክል ነው።

«ለሴትስ ይሰጣል?» አለች ወርቄ።

ታደለ ራሱን አከከ። «የጠየቀች ሴት አላየሁም እንጂ የሚከለክል ነገርም አላየሁም። ብቻ ጠባይሽን የሚያውቅ ዋስ አምጪ።»

መከራው ዋሱ ላይ መጣ። የባሏ ወንድም ምናለ፣ «ጠመንጃ የወንድ ነው፤ የወንድሜ ለኔ ይገባኛል» ብሎ ፊቱን አዞረባት። ሌሎቹም አንዱ ምናለን ፈርቶ፣ አንዱ ፖሊስን ፈርቶ ሸሹ። ወርቄ ተስፋ ቆርጣ ቤቷ ተቀመጠች።

ሼህ አሕመድኑር ይህን ሲሰሙ በሯ ላይ መጡ። «ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቱን ለጠመንጃ ዋስ ሁኑኝ ልበል? በምን አፌ?»

«ሰዓድ ሲሞት፣ ጠመንጃ የሚባል ከምድር ይጥፋ ብዬ ዱዓ አድርጌ ነበር» አሉ። «አልጠፋም። እንግዲህ የቀረኝ የሚይዘውን እጅ መምረጥ ነው። ሰርግ ቤት ወደ ሰማይ እንደማታጮኺው ቃል ስጪኝና እንሂድ።»

ወርቄ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ትከሻዋን ይዘው አነሷት። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉ፤ «ከልቤ ነው።»

የመካነ ሰላምን ዳገት በምርኩዝ እያረፉ ወጡት። ሃምሳ አለቃ ታደለ የሰዓድን ሞት ያውቅ ነበርና ሼሁ ሲገቡ ከወንበሩ ተነሣ። «ሼህ፣ ጥፋት ቢገኝ እርስዎም ይጠየቃሉ» አላቸው።

«አውቃለሁ። ጻፍ» አሉት።

ፈቃዱ እስኪመጣ ብዙ ቆየ። የዚያ ዓመት ማሽላ እኩሌታው ለዝንጀሮ ሆነ። እኩሌታው የተረፈው የሼሁ ባለቤት ራሕማ በየማለዳው አሮጌ ቆርቆሮ ይዛ እየመጣች ከወርቄ ጋር ስለቀጠቀጠች ነው። ሁለቱ ሴቶች አፋፉ ላይ ያንን ቆርቆሮ ሲያንኳኩና በመሀል ሲሳሳቁ እስከ እኛ ቤት ይሰማ ነበር።

በበጋው የጨው ነጋዴው ወደ አጅባር ሲሄድ ኬላ ላይ ተያዘ። ጥይት ከሱ የገዙ ሰዎች አንድ በአንድ ተጠሩ። ወርቄ ይህን ስትሰማ ቀጥ ብላ ሼሁ ቤት ሄደች፤ ከደጃፋቸው ቁጭ ብላ አልቅሳ ተመለሰች። እሳቸውም አልጠየቋትም።

በሚቀጥለው መኸር ጠመንጃውን ከፖሊስ መልሳ ተረክባ፣ ጥይቷንም በፈቃድ ወረቀቷ ገዝታ አፋፉ ላይ ቆመች። መጀመሪያ ቀን ጠመንጃው ትከሻዋን መትቶ ቁጭ አደረጋት። ዝንጀሮዎቹ ግን ገደሉን ይዘው ተንደረደሩ። ከዚያ ወዲያ የሼሁንም ማሳ አብራ ትጠብቅ ጀመር።

ልጇ በዛች ስትዳር፣ ሙሽራው ሊመጣ ሲቃረብ፣ ምናለ ሞቅ ብሎት ከሰው መሀል ተነሣ። «ወንድሜ ቢኖር ዛሬ ይህን ሰማይ ያናውጠው ነበር! ጠመንጃውን ስጪኝ!»

«አልሰጥም።»

«በልጅሽ ቀን? የደሳለውን ቤት ልታዋርጂ ነው?»

ወርቄ በእጇ ለእስላም እንግዶች ለብቻው ወደተጣለው ዳስ ጠቆመች። ሼህ አሕመድኑር እዚያ ተቀምጠዋል። ሰዓድ ከሞተ ወዲህ የተገኙበት የመጀመሪያ ሰርግ ነበር፤ መምጣታቸውን ብዙ ሰው ገና ያኔ ነው ልብ ያለው። «ዋሴ እነሆ» አለች። «ተኩስ እንደማይኖር ስላመኑኝ ነው የመጡት።»

ምናለ ዞሮ አያቸው። ከዚያ ሰውየው ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እሳቸውም ራሱን ይዘው መረቁት። እልል ያለችው ራሕማ ናት፤ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት፤ ሙሽራው በእልልታ ገባ።

ሼህ አሕመድኑር ካለፉ ቆይተዋል። ወርቄ ፈቃዷን ልታሳድስ ስትሄድ ሌላ ዋስ አምጪ ተባለች። ማንን እንደምትለምን እያሰበች ከቢሮው ስትወጣ ራሕማን ነጠላዋን ተከናንባ በር ላይ ቆማ አገኘቻት። ተከትላት መጥታ ኖሯል። አልፋት ገባችና ለጸሐፊው አውራ ጣቷን ዘረጋች።

ወርቄ ዛሬ ስለዚያ ዘመን ሲያነሱባት ስለ ዝንጀሮውም ስለ ጠመንጃውም ብዙ አታወራም። «ሰው ነበረኝ» ትላለች። «አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው ነበረኝ።»